ሦስት ጊዜ ስለደረሰው የአጁሉ ቅጽ

ይድረስ ለተከበሩ የሠልጣኞች ምዝገባ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ቁልፍ ተጭነው ስክሪኑ ዝም ሲልብዎ «አሁን ይሄ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» ብለው ያውቃሉ? እርስዎ ዘንድ መልሱ ወዲያው ስለሚመጣ ምናልባት አይሉም ይሆናል። ጤናዎም እንደ መሥመርዎ የማይቋረጥ እንዲሆን ከጋምቤላ ከልብ እመኛለሁ።

ክልላችን ራሱን ማስተዳደር በጀመረ በአሥረኛው ዓመት የነርስ ሠልጣኞችን በኢንተርኔት እንድንመዘግብ ስለፈቀዱልን ምስጋናዬ ብዙ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በመጣሁ በሳምንቴ መዝጋቢ ስሆን ደስታዬ ወንበር ላይ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። ሆኖም በትሕትና የማቀርባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

፩. ገጽዎ በሃያ ስምንት ትንንሽ ሥዕሎች ያሸበረቀ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል የራሱን ግንኙነት ስለሚከፍት፣ በየጊዜው ከእኛ ማሽን «አለህ?»፣ ከእርስዎ «አለሁ፣ አንተስ?»፣ ከእኛ ደግሞ «አለሁ» መባባል ግድ ነው፤ ይህም ሁሉ በሳተላይት ሰማይ ደርሶ ይመለሳል። እኛ ሰላምታ የምናሳጥር ሰዎች አይደለንም፤ ግን አንድን ሰው በአንድ ቁጭታ ሃያ ስምንት ጊዜ ሰላም አንልም።

፪. ዝናብ ሲጥል ከመልእክቱ ቁርጥራጩ በመንገድ ይጠፋል። ላኪው ማሽን ዝናቡን ስለማያውቅ መንገዱ ተጨናነቀ ብሎ ያስብና፣ ለሌሎች ልልቀቅ በሚል ጨዋነት ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል። በመሥመሩ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ላልመጣ ሰው መንገድ ስንለቅ ዋልን።

፫. እናቷን በወሊድ ያጣችው አጁሉ ነርስ ልትሆን ከኢታንግ በጭነት መኪና ላይ መጣች። ቅጹን ሞልታ «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ዝም። «ኦቻን፣ እሱንም እንደኔ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው እንዴ?» አለችኝና ሳቅን። «ድገሚው» አልኳት። ደገመች፤ ሠለሰች።

ለካ ሦስቱም ደርሰው ኖሯል። የዘገየው «ደርሶኛል» የሚለው የእርስዎ መልስ ብቻ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ መጣ፤ አጁሉን ጨምሮ አሥራ አንድ ልጆች «ደጋግመው በመመዝገብ ለማጭበርበር ስለሞከሩ» ተሰርዘዋል ይላል። አጁሉ ደብዳቤውን ከቢሮው ደጃፍ አግዳሚ ላይ አንብባ፣ «ማጭበርበር» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በአኙዋክኛ ነገርኳት። አራት ዓመት ተምሬ ለዚያች ቃል ለስለስ ያለ አነጋገር አጣሁላት። «ድገሚው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ የተሰረዘችው እሷ ናት።

መፍትሔው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሥዕሎቹ በአንድ ግንኙነት ይምጡ፤ እያንዳንዱ ቅጽም ሲከፈት መለያ ቁጥር ይሰጠው፣ ያው ቁጥር አሥር ጊዜ ቢመጣ እንደ አንድ ይቆጠር። ከፈቀዱ መጥቼ በነፃ እሠራዋለሁ። ሥልጠናው የሚጀመረው መስከረም ሃያ ስለሆነ አሥራ አንዱን ስሞች ለመመለስ ጊዜ አለ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ቢሯችን ደጃፍ ላይ ለጥፌዋለሁና፣ ይህን የምታነቡ፣ መልስ ዘግይቶባችሁ ሁለት ጊዜ የተጫናችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ስማችሁን ከስሜ በታች ጨምራችሁ ለክፍሉ ጻፉ።

በትዕግሥትዎ የሚደነቅ፣ የራሱ ትዕግሥት ግን እያለቀበት ያለ ታዛዥዎ፣
ኦቻን ኦሞት
ጋምቤላ፣ ነሐሴ 1997 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በአጁሉ መንደር ያለው ጤና ኬላ ነርስ ስለሌለው ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። የበሩን ቁልፍ የያዙት ሽማግሌ፣ ቁልፉ በአጭበርባሪ እጅ እንዳይገባ ስላደረጉላቸው ምስጋናቸውን እንዳደርስልዎ አደራ ብለውኛል።