ለተቀጣ እልልታ

ኅዳር 12 ቀን። ልጅህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀጣች።

ብሩኬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሙት ዓመትህን ግንቦት ላይ አወጣን። የዕድሩ ሰብሳቢ ማይክሮፎን ይዘው "ታዋቂ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር" አሉ። ማንም አላረማቸውም። እኔም የበረዶ ሆኪ ምን እንደሆነ ለዚያ ሁሉ ሰው ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

ቤቱ ደህና ነው። ብርሃን ራስ ምታትህን ሲቀሰቅስብህ መስኮቱ ላይ የሰቀልነውን ጥቁር ጨርቅ አወረድኩት። ሳሎኑ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ረስቼው ነበር። እናትህ ጠቅልለው ወደ እኛ መጥተዋል፤ ያንተን ክፍል ሰጠኋቸው። ጋራዡ አሁንም ይሸታል። ጓንቶችህን ደጋግሜ አጠብኳቸው፣ ላብህ አልለቅ አለ፣ ተውኩት። ልጃችን ማርታ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ በቁመት በልጣኛለች። ዛሬ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች፣ አታናግረኝም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

እኔ አሁንም ኖርክሮስ ከተማ፣ እዚያው ያገኘኸኝ የጥርስ ክሊኒክ ነኝ። የመጣህ ቀን ሁለት የፊት ጥርሶችህን በሶፍት ጠቅልለህ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ነበር። መኪና የገጨህ መስሎኝ "ምን ሆነህ ነው?" ስልህ "ሥራ ላይ ነው" አልከኝ፣ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እጁን እንደቆረጠው ሰው። ሽማግሌ የላክህ ጊዜ ደግሞ አባቴ "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ "በረዶ ላይ ይጫወታል፤ ተከላካይ ነው" አሉ። አባቴ ደስ አላቸው። "ተከላካይ ከሆነ ጥሩ ነው። ነገር አይፈልግም ማለት ነው" አሉ። ይህን ስነግርህ የተሰፋው ከንፈርህ እስኪደማ ሳቅህ።

ሥራህ ነገር መፈለግ ነበር። ጎል እንድታገባ ብሎ የቀጠረህ ቡድን የለም። ጎል የሚያገቡት ሌሎች ናቸው፤ እነሱን የነካ ሰው አንተን ያገኝሃል። ከሜዳው ግድግዳ ጋር ታላትመዋለህ፤ ካልበቃው ጓንት ይወልቅና በቡጢ ነው። ልጅ ሆነህ ከእናትህ ጋር በስደት የገባህባት በረዷማ የሰሜን ከተማ መንሸራተቱን አስተማረችህ፤ መማታቱን ማን እንዳስተማረህ አልነገርከኝም። ከትንሽ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ በአውቶቡስ ስትዞር ኖርክ። ወደ ትልቁ ሊግ አንድ ጊዜ ጠርተው ሳያሰልፉ መለሱህ። በመጨረሻ አትላንታ ጣሉህ፤ ደጅ ሰው በሙቀት ሲቀልጥ ጣሪያ ሥር በረዶ ላይ ትጋጫለህ።

እናትህ ከአንድም ጨዋታ አይቀሩም ነበር። ወፍራም ጃኬት ለብሰው፣ ነጠላቸውን ከላይ ደርበው፣ የሻይ ፔርሙዛቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዳኛው አስወጥቶህ የተቀጡት የቅጣት ደቂቃቸው እስኪያልቅ የሚቀመጡበት የመስታወት ክፍል ውስጥ በገባህ ቁጥር ተነሥተው እልል ይላሉ። ጎል ሲገባ አይሉም። አንተ ስትቀጣ ብቻ። የባላጋራ ደጋፊዎች ያፈጡባቸዋል። የእኛዎቹ ፈረንጆች ደግሞ እልልታውን ሊማሩ ይሞክራሉ፤ ድምፃቸው የታነቀ ዶሮ ነው። አንተ "አትንገሪያት" ትለኝ ነበር። "ደክሞኝ የሚያሳርፉኝ ነው የሚመስላት። አንድ ሰው እንኳ ትልቅ ሰው ነው ይበለኝ እንጂ።" አልነገርኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት አንተም ታውቃቸዋለህ፣ ወይም አታውቃቸውም። ዶራቪል ሰፈር ሥጋ ልትገዛ ሄደህ ወደ ቤት የሚመልስህ መንገድ ጠፋብህ፤ መጥቼ ሳገኝህ መኪናው ውስጥ ሆነህ መሪውን ይዘህ ታለቅስ ነበር። ማርታ ማንኪያ ሳህን ላይ ስታንኳኳ የጮህክባትን ጩኸት ጎረቤት ሰምቶታል። ከዚያ አንድ ጠዋት አልነቃህም። ሐኪሙን "ከምቱ ነው?" አልኩት። "ነው ማለት አልችልም" አለኝ። አይደለምም አላለም።

ማርታ ግን ያየችው ሌላውን ነው። አንተ ስታልፍ ሕዝቡ ሲነሣልህ። ከሞትክ በኋላ አሠልጣኟ ከአጥቂነት አውጥቶ ተከላካይ አደረጋት፤ "የአባቷ ልጅ ናት" አለኝ፣ ደስ ይለኛል ብሎ። እስካሁን የምትጫወተው ሴቶቹ ጋ ነው፣ እዚያ ሰውነት መግጨት ክልክል ነው። የሚቀጥለውን ወቅት ግን ከወንዶቹ ጋር መጫወት ትፈልጋለች፣ እዚያ ይፈቀዳል። ምዝገባው ዛሬ ጨዋታው ሲያልቅ ይዘጋ ነበር። ጠዋት መኪና ውስጥ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሪጅስተር አድርጊኝ፤ ዳዲ ቢኖር ያደርገኝ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። እሺ አልኳት።

የምዝገባው ሰልፍ ከሜዳው ዳር ነው። እናትህ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ቀና ስል ማርታ አንዲትን ልጅ ከግድግዳው ጋር ስታላትማት አየሁ። ልጅቷ ራሷ ተነሣች፣ ደህና ናት። ማርታ አገጯን ወደ ላይ አደረገች፣ ልክ እንዳንተ። ዳኛው እጁን አነሣ። ገብታ መስታወቱ ውስጥ ተቀመጠች።

እናትህ ተነሥተው እልል አሉ።

ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ደክሞኝ ነበር፣ ብሩኬ። ስንት ዓመት የያዝኩልህን ለቀቅኩት።

"እማማ፣ ቅጣት እኮ ነው። አጥፍታ ነው ያስገቧት።"

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"የብሩክንም ያውቁ ነበር?"

"ምነው ልጄ፣ ዓይን የለኝም? ሰውዬው እጁን እያወናጨፈ ሲጮህበት ሹመት ይመስለኛል እንዴ?"

"ታዲያ ለምን እልል ይሉለታል?"

የፔርሙዙን ክዳን አጠበቁት። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እዚያ ሲገባ ማንም አይመታውም ነበር" አሉ። "ለትንሽ ጊዜም ቢሆን።"

ቁጭ ብለው ሻያቸውን ቀጠሉ። አንተ እሳቸው እንዳያውቁ ትጠነቀቅ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ማወቃቸውን እንዳታውቅ።

ሰው የሚያስቀምጠው ጓንት አውልቀህ ስትማታ የተነሣኸውን ፎቶ ነው። እኔ የማስታውስህ እዚያ መስታወት ውስጥ ነው፤ ዱላህን ጉልበትህ ላይ አጋድመህ፣ ከራስህ ላይ እንፋሎት እየተነሣ፣ ማንም ሳይነካህ። ያቺን መልክህን አልረሳትም። ሌላው ቢጠፋብኝ እሷ አትጠፋብኝም።

ተራዬ ደረሰ። መዝጋቢዋ "የልጅሽ ስም?" አለችኝ። ማርታ ከመስታወቱ ጀርባ የቅጣቷን ሰዓት እያየች ነው፤ በሩን የሚከፍተው ሰውዬ እጁን መወርወሪያው ላይ አድርጓል። መዝጋቢዋ ደግማ ጠየቀችኝ። ቦርሳዬን ዘጋሁ፣ ከሰልፉ ወጣሁ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ልደርስ ወደዚያ በር ሄድኩ።