ማህተም የሌለው ጃንጥላ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለዋ ሚና
ቶሚያ ደሴት

ለምወድሽ፣ ለምፈራሽና ከሁለቱም በላይ ለምናፍቅሽ ለእትዬ ሚና፤ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የእማ ጉልበት ተሻላት ወይስ አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግራታል? ልጅሽ ጥርስ አወጣ? ባልሽስ ሲያንኮራፋ ጎረቤቱ አሁንም ግድግዳ ይደበድባል ወይስ ተስፋ ቆርጦ ተወው? ያቺ የመምህሩን ካልሲ የበላችው ፍየልስ በሕይወት አለች? እኔ እዚህ አምቦን ከተማ አልሐምዱሊላህ በእግሬ ቆሜአለሁ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። የሚጎድለኝ የሚሰድበኝ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ወረቀት ስታዪ «ይሄ ቀላማጅ ስልኩን ሸጦ በላው እንዴ?» ማለትሽ አይቀርም። ስልኬ አለ። ስልኩ ውስጥ ግን መምህር ላ ኦዲ አሉ። በሰፈራችን የተጓዦች ቡድን ውስጥ ማንም ከሦስት መስመር በላይ የመንገድ ወሬ እንዳይጽፍ ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ደንቡ የወጣው በእኔ ምክንያት መሆኑንም ድፍን ቶሚያ ያውቃል። «ደረስኩ፤ መንገዱ እንዲህ ነው፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው። ከዚያ ያለፈው ሪፖርት ሳይሆን ልፍለፋ ነው» አሉ አይደል? እንግዲህ ደንባቸው ወረቀት ላይ አይሠራም። ስድስት ሉክ ገዝቻለሁ፤ ቻይው።

እስቲ እነዚያን ባለ ሦስት መስመር ወሬዎቼን ላስታውስሽ። መጀመሪያ እዚህ ስገባ «አምቦን ደረስኩ። ዝናብ ነው። ደህና ነኝ።» ብዬ ጻፍኩ። መምህር አውራ ጣት ላኩልኝ፤ አንቺም ላክሽ። እትዬ፣ «ደህና ነኝ» ያልኩት ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ትኩሳት ነበረበት። ማማ ዮሲ የሚባሉት አከራዬ የሳጎ ገንፎ በር ላይ አስቀምጠውልኝ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ የማወራው ከጣራው ጋር ነው። ጣራው ደግሞ ዝናብ ካልመጣ አይመልስም። የኢድ ዕለት «ኢድ ሙባረክ። ሰገድኩ። በላሁ።» አልኳችሁ። የበላሁት ብስኩት ነበር። ሁለት ኩባያ ሻይ ቀዳሁ፤ አንዱን ለእንግዳ። እንግዳው ሳይመጣ ሲቀር ተቆጥቼ የሱንም እኔው ጠጣሁበት። ይሄ በአራተኛው መስመር ላይ የሚመጣ ነበር፤ ግን አራተኛ መስመር የለም።

መምህር «ለምን ታረዝመዋለህ?» ብለው ስንቴ ጠየቁኝ! መልሱን ያኔ አላውቀውም ነበር፤ እየቀለድኩ አለፍኳቸው። አሁን ግን አውቀዋለሁ። ረጅም ስጽፍ እቤታችን ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጬ እናንተ ዙሪያዬን ከባችሁ «እሺ፣ ከዚያስ?» የምትሉኝ ይመስለኛል። ሲያጥር ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ወደ ጃንጥላው ልምጣ። አትቆጪ፤ ሁለት ጊዜ ተቆጥተሽኛል፤ አንዱን ደግሞ በጫማ ነው። ግን አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አምና በመርከብ ወደ ቱዋል ሳልፍ ስለ አምቦን የጻፍኩት ወሬ በስልክ አራት ገጽ ያህል ነበር። የት ሻይ እንደሚወፍር፣ የትኛው መርከበኛ እንደሚያኮርፍ፣ ምኑ ቅጡ! ከዚያ በፊት ሦስት እንዲህ ያለ ወሬ ልኬ ማንም አንድ ቃል አልመለሰልኝም። «እነዚህ ሰዎች እስከ መጨረሻው አያነቡኝም» አልኩ በልቤ። ስለዚህ የሚያነብ መኖሩን ልፈትን ብዬ መሐል ላይ አንዲት ውሸት ቀበርኩ። «በዝናብ ወራት አምቦን የገባ ሰው ጃንጥላውን ከመዘርጋቱ በፊት ወደቡ ላይ ማህተም ማስመታት አለበት፤ አለዚያ ሲወጣ ይወረስበታል» አልኩ። አንዱ «ውሸታም!» ብሎ ይስቅብኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል ብዬ ነው። ማንም አልሳቀም። ለካ ቃል በቃል፣ አንድም ሳያስቀር፣ እስከ መጨረሻው ያነበበኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አጎቴ ላ ሲሩዋ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ለልጃቸው ለዋ ሪምባ ሠርግ ዕቃ ሊገዙ እዚህ መጡ፣ ለሙሽራዋ ቀይ ጃንጥላ ገዙ፣ ማህተም ፍለጋ ሲንከራተቱ የቶሚያው መርከብ ጥሏቸው ሄደ፣ ኒካሁ ላይም በአባት ቦታ ታናሽ ወንድማቸው ተቀመጠ። እኔም አውቀው ነበር፤ ግን ከሩቅ ነበር የማውቀው። አሁን የምሠራው ወደቡ ጥግ ካለው ዓሣ ገበያ ነው፤ በረዶ እሰብራለሁ። አንድ ቀን ዕቃ ተሸካሚዎቹ ሻይ እየጠጡ ሲያወሩ «የባለ ማህተሙን ሽማግሌ ታስታውሱታላችሁ?» አለ አንዱ። «ሽርጡ ከላይ እስከ ታች ርሶ፣ አዲስ ጃንጥላ እንደታጠፈ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ‹ልጆቼ፣ ማህተሙ የትኛው መስኮት ነው?› ሲለን? እኔ ወደ ላይ ላክሁት!» «እኔ ደግሞ ወደ ታች!» አለ ሌላው። ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ እትዬ ሙች፣ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሻዩን አስቀመጥኩ። አጎቴ ነው አላልኳቸውም። ተነስቼ ሄጄ በረዶ ሰበርኩ፤ ያን ቀን ከታዘዝኩት በላይ ነው የሰበርኩት።

አሁን እንግዲህ የአጎቴ ሚስት፣ የአክስቴ የዋ ኒማ ዓይን አለ። ሻይ ላይ ጨው እንደምትጨምር፣ ሰውን በድምፁ ብቻ እንደምትለይ፣ የካሳቫውን ምግብ፣ ካሶአሚውን፣ ከምድጃ ስታወርድ እጇን እንደምታቃጥል ነግረሽኛል። የዓይን ሞራ የሚገፍፉት ሐኪሞች እዚህ ሆስፒታል የሚመጡት ለሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሰኞ ጁን 19 እና ማክሰኞ 20። ማስታወቂያውን ያየሁት እኔ፣ የነገርኩሽም እኔ። አጎቴም ምን አሉ? «ያ ልጅ ካለማ ሐኪሞቹም የሉም ማለት ነው።» ስቄአለሁ፤ ጥሩ መልስ ነው። ደግነቱ መምህር ላ ኦዲ ሆስፒታሉ ድረስ ደውለው አረጋገጡ። አሁን ሊመጡ ቆርጠዋል፤ ግን መንገዱን እኔን ላለመጠየቅ ምለዋል። ሰው ጠይቀው እንዳይደርሱ ደግሞ፣ እትዬ፣ አስቢው፤ በዚህ ከተማ ሰው ጠይቀው ምን እንደደረሰባቸው ያውቃሉ። ስልክ ብደውል ስሜን ሲሰሙ ይዘጋሉ። የሚያነቡት የለም፤ የሚጠይቁትም የለም፤ ማየት የማትችል ሚስት ደግሞ ክንዳቸውን ይዛ አለች።

ስለዚህ የመንገድ ወሬ ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። መርከቡ ላይ በየትኛው በኩል ቢቀመጡ ጭሱ እንደማይደርስባቸው፣ ስንተኛው የመሰላል ደረጃ እንደሚያንሸራትት፣ የወደቡ ሁለት በሮች፣ የሚኒባሱ ቀለም፣ ሆስፒታሉ ጋ ያለችው የምትነክስ ድመት። ሁሉም እውነት ነው፤ ድመቷም ጭምር፤ ነክሳኛለች። ግን ዘጠኝ ገጽ ከእኔ ሲመጣላቸው ምን ይላሉ? «አሁንስ ውሸቱን የት ነው የቀበራት?» እያሉ ነው የሚያነቡት። በግራው በር ውጡ ብላቸው በቀኙ ይወጣሉ። እንግዲያው በቀኙ ብዬ ልጻፍ? አምነውኝ በቀኙ ቢወጡስ? ስለዚህ ቆረጥኩት። አምስት ገጽ አደረግሁት፤ ከዚያ ሁለት። በመጨረሻ እንደ መምህሩ ሦስት መስመር ሆነ፤ «ውረዱ። ሚኒባስ ያዙ። ሆስፒታሉ ጋ ውረዱ።» ይሄም አያዛልቅም፤ መሰላሉ ቀረ፣ የሚያንሸራትተው ደረጃ ቀረ፤ አክስቴ ደግሞ ደረጃ አታይም። ሲረዝም አላምን ብለው ይጠፋሉ፤ ሲያጥር አምነውኝ ይጠፋሉ። አራት ቀን እንዲህ ሆኜ ከረምኩ፤ አንድ ቀንማ በበረዶ ፋንታ ጣቴን ልሰብር ነበር።

ዛሬ ጠዋት ማማ ዮሲ ደጃፍ ላይ ለውዝ ይፈለፍላሉ። የነበረኝን ሁሉ፣ ረጅሙንም አጭሩንም፣ አነበብኩላቸው። ረጅሙ ላይ «የኔ ልጅ እንዲህ ቢጽፍልኝ መርከብ ይዤ ሄጄ በጥፊ እለው ነበር» አሉ። አጭሩ ላይ ደግሞ «ይሄማ ሰው አይጽፈውም፤ ማስታወቂያ ነው» አሉ። «ታዲያ ስንት ይሁን ማማ?» አልኳቸው። ለውዙን አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ልጅ፣ እግር የለህም?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«ወደቡስ ሩቅ ነው?»

«አጠገቤ ነው፤ እዚያው ነው የምሠራው።»

«ታዲያ መንገዱን ለምን ትጽፍላቸዋለህ? ሄደህ ቆመህ አትጠብቃቸውም፣ ቂል!»

እትዬ፣ ሰው በአንድ ጊዜ ሊሰደብና ሊመከር እንደሚችል አንቺ ብቻ ነበርሽ የምታሳዪኝ። ዘጠኝ ገጽ ሙሉ መሰላል ስቆጥር አንዴም እንኳ ይሄ አልመጣልኝም። አይ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ መጥቶልኝ ነበር። አጎቴ ፊት ላለመቆም ነው ስጽፍ የከረምኩት። ወረቀት አያፍርም፤ እኔ ግን ገና ስማቸውን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

እና እንዲህ ወሰንኩ። ዛሬ ቀይ ጃንጥላ ገዛሁ። ከጀልባ ቀቢዎቹ ነጭ ቀለም ለምኜ ጀርባው ላይ ክብ ማህተም፣ የሰሐን ያህል ትልቅ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ኮከብ ያለው ሣልሁበት። ማማ ዮሲ ሲያዩት ለውዙን ሁሉ በተኑት። መርከቡ እሑድ ጁን 18 ይገባል። ከንጋት ጀምሬ ከመሰላሉ ሥር እቆማለሁ፤ ዝናብ ኖረም አልኖረም እንደዘረጋሁት። ተሸካሚዎቹ ይሳቁብኝ፤ ዘንድሮ የኔ ተራ ነው። ደረጃዋን ራሴ ቆሜባት አክስቴን በእጄ አሳልፋታለሁ። ማማ ዮሲ አንድ ክፍል አዘጋጅተዋል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሆስፒታል ሰልፉ ላይ የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን።

አንቺን የምለምንሽ ይህን ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለአጎቴ አንብቢላቸው፤ ይህን ብቻ። ስሜን አስቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው፤ ይገባቸዋል። መምህር ላ ኦዲም ይቁጠሩት፤ ልክ ሦስት መስመር ነው፤

የቤተሰብ መታወቂያውንና የጤና ጣቢያውን ወረቀት ይያዙ፤ ከመርከቡ ሁሉም ሰው ወርዶ እስኪያልቅ አይቸኩሉ።
ማንንም ሰው መንገድ አይጠይቁ።
ማህተም የተመታበት ቀይ ጃንጥላ ዘርግቶ የቆመ ጅል ሲያዩ እሱን ይከተሉ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርሺ ፊታቸውን እዪልኝ። ጢማቸው ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ በስልክ ጻፊልኝ፤ ረጅም አድርገሽ፣ የቱ ጥግ በኩል እንደተንቀሳቀሰ ሳይቀር፤ መምህር ቢቆጡም ቅጣቱን እኔ እችላለሁ። ካልተንቀሳቀሰም ጻፊልኝ። ያኔም ቢሆን እቆማለሁ። በጃንጥላው ሊመቱኝ ቢያስቡ እጀታው ጠንካራ እንጨት ስለሆነ አይሰበርም፤ ብቻ ሆስፒታል ከደረስን በኋላ ይሁን በያቸው፤ አክስቴ እንዳትርስ።

ለእማ ጉልበቷን በዘይት እሽት አድርገሽ «ላ ኢጆ ነው የላከኝ» በያት። ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ዞር ብሎ ይተኛ። ለትንሹ፣ ጥርስ ካወጣ፣ መጀመሪያ የሚነክሰው መምህሩን እንዲሆን አሠልጥኚው። ለመምህር ላ ኦዲ አንድ አውራ ጣት። ለዋ ሪምባ፣ ደፍረሽ ብትነግሪያት፣ ይቅርታዋን በደብዳቤ ሳይሆን ደጃፏ ድረስ መጥቼ እንደምለምን ንገሪያት። አክስቴን ዋ ኒማን ግን ምንም አትበያት፤ አምቦን ላይ ድምፄን ስትሰማ ትስደበኝ። አላህ ካለ ለአረፋ ስትመለስ ደግሞ ፊትሽን አይታ «አረጀሽ እኮ» ትልሻለች።

ስድስተኛው ሉክ ላይ አራት ጣት ያህል ቦታ ቀርቶኛል። ባዶውን ተውኩት። እዚያ ላይ የሚጻፈውን ከመርከቡ የሚወርዱት ናቸው የሚያውቁት፤ እኔ እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ወደቡን እያየሁ በረዶ እሰብራለሁ።

ታናሽሽ ላ ኢጆ
አምቦን፣ ጁን 3 ቀን 2023