እናቴ ለአዳራሽ ያልሰጠችው ድምፅ

ለተከበሩ የማስታወስ ችሎታ ጥናት አማካሪያችን፣

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጎላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ያልተረበሸ ይሁንልዎ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። በእርስዎ አመራር የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያስታውስ ለማጥናት ከተመደብነው አራት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አንዷ፣ ስሜን መያዝ አቅቶዎት “ባለ መነጽሯ” ሲሉኝ የከረሙት እኔ ነኝ። የእናቴን ገመና አስቀድመው አደባባይ ስላወጡልኝ፣ ምስጋናዬንም በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩. ማንም የራሱን ዘመድ እንዳይፈትን ስላዘዙን አመሰግናለሁ። በትእዛዝዎ መሠረት ጃንጥላውን አውቶቡስ ውስጥ ረስቶ ስለወረደ ሰውዬ የሚያወራውን አጭር ታሪክ ለእናቴ ያነበበላት የቡድን ጓደኛዬ ነበር። ስንቱን እንዳስታወሰች እንዲቆጠር፣ ጥቂት አርፋ የሰማችውን መልሳ ስትናገር እኔ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ከመግባቷ በፊት ግን፣ መልሱን ከምንቆጥረው ከእኛ በቀር ድምፅዋን ማንም እንደማይሰማው እርስዎ የጻፉትን ቃል ያነበብኩላት እኔው ነኝ። እሷም “አንቺ ካልሽ ምን ቸገረኝ” ብላኝ ገባች።

፪. ያንን ድምፅ ማናችንንም ሳያማክሩ ለመላው የትምህርት ክፍል በድምፅ ማጉያ ስላሰሙልኝማ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እናቴ ምን ያህል እንደምትረሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት እዚያ አዳራሽ፣ ሳቅ መሃል ተቀምጬ ነው። በእሷ አፍ ጃንጥላው የለም። ሰውዬው የሞተው ወንድሜ ሆኗል፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ቤት ገብቷል፤ ምሳም ቀርቦለታል። “ዛሬስ ቶሎ መጣህልኝ፣ ልጄ” ስትል እርስዎ ቅጂውን አቁመው ፈገግ አሉ፣ አዳራሹ አውካካ። ከዚያ “ግሩም ስህተት!” ብለው እንደገና አጫወቱት።

፫. ቅጂውን እንዲያጠፉልን ቢሮዎ ድረስ መጥተን ስንለምንዎ፣ ሳይንስ ሆደ ባሻ እንደማይወድ መክረው፣ በምረቃ ሰሞን ጉባኤ ላይም ለእንግዶች እንደሚደግሙት አብስረው ሸኙን። ቅጂው ካልጠፋ አራታችንም የጥናቱ ሪፖርት ላይ አንፈርምም። ያለ ሪፖርት እንደማንመረቅም ስላስታወሱን እናመሰግናለን፤ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሱም። ታሪኩን ያነበበላት ጓደኛዬ ቤተሰቡ በሙሉ ምረቃውን በጉጉት የሚጠብቅለት ልጅ ነው። ከሪፖርቱ ላይ መጀመሪያ ስሙን የሰረዘው እሱ ነው።

የወንበርዎን ከፍታ እያደነቅሁ፣ ከሥሩ ሆኜም አንገቴን ሳልደፋ፣

ተማሪዎ የነበረችው ባለ መነጽሯ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ጃንጥላውንም፣ ክፍሉንም፣ እርስዎንም ፈጽማ ረስታለች። ትናንት ግን ሳህን እያጠበች ድንገት ዞር ብላ “መልሱን ከሚቆጥሩት በቀር ድምፄን ማንም አይሰማውም ብለሽኝ የለ?” አለችኝ። አንድም ቃል አልሳተችም። ቃሉን የጻፉት እርስዎ ነዎትና፣ ከእሷና ከእርስዎ ማን እንደረሳው በራስዎ መለኪያ ቆጥረው ይድረሱበት።