ሁለተኛው ዓይን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የአባባ የግራ ዓይን አልቆለታል። ሐኪሟ አላድበሰበሰችም፤ የዓይን ግፊት የወሰደው አይመለስም፣ ቀኙንም ጠብታው ትንሽ ያቆየው ይሆናል እንጂ አያድነውም። አባባ አመስግኗት ወጣ።  በሚኒባስ አቃቂ በሰቃ ስንደርስ «የሲራጅ ሱቅ ታፔላ አሁንም አለ?» አለኝ። ራሱ የጻፈው ታፔላ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ፊት ለፊቱ ነበር። አለ አልኩት።

ሠላሳ ዓመት የባቡር ፉርጎ ላይ ቁጥር የጻፈ፣ ባቡሩ ሲቆም ደግሞ የሰፈሩን ታፔላ ሁሉ የጻፈ ሰው።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የደበቅኩት የእሱ ምስል አለ። መሣል ከጀመርኩት ሁለት ወር ሆነኝ። እያየ ሳለ ካልጨረስኩት ለማን ልጨርሰው ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ከቢሮ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ አልተሰጠኝም። ገላን ኮንዶሚኒየም ዛሬም ውሃ የለም። ብሩሾቼን በነጭ ጋዝ አጠብኩ።

ምስሉ ውስጥ የእነማን እጅ እንዳለ አውቃለሁ። መስመሩ የአባባ ነው፤ ትንፋሽን ይዞ አንዴ መሳብ፣ አለመመለስ። ቢጫውና ቀዩ የአጎቱ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው። እሳቸውን አልደረስኩባቸውም፤ አባባ ልጅ ሆኖ ቀለም ይበጠብጥላቸው ነበር። አቀማመጡ የኤርሚያስ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል የሚያስተምረን። «ሰው ፊት ለፊት ሲያዩት ይዋሻል፣ ከጎኑ ሣሉት» ይለናል። እኔም አባባን በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ከጎኑ ሣልኩት። የእኔ የቱ እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አሳየሁት። ምነው እጄን በቆረጠው።

ሸራውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ ወደ ቀኝ ዓይኑ እያዞረ ብዙ አየው። «ሌላው ዓይኔስ?» አለ። ከጎን ስለሆነ ነው አልኩት። «አጎቴ በአንድ ዓይን የሚሥሉት ማንን እንደነበር ጠፍቶሽ ነው?»

አልጠፋኝም። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ሰይጣንና ይሁዳ ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁንና ክፉውን እያስለየ ያስቆጠረኝ እሱ ራሱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስሥለው አንዴም ትዝ አላለኝም።

ከዚያ የባሰው መጣ። «ያን ፎርም ስለቀደድኩብሽ ነው» አለ።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግቢያ ፎርም ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቴ። ቀለም እኔን ካልጠቀመ አንቺን አይጠቅምሽም ብሎ ለሁለት ቀደደው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንስተነው አናውቅም። አይደለም አልኩት፣ ቶሎ ብዬ። የቸኮልኩት እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነው። እራቱን ሳይነካ ተኛ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ኤርሚያስ፣ «እስከ ዛሬ ከሣልሽው ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ እንዳትነኪው።»

እህቴ ሰናይት በስልክ፣ «ታዲያ አንድ ዓይን ጨምሪበትና ገላግይን።» ሳቅኩ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

የምስሉን ፊት በቢላ ፋቅኩት። የሁለት ወር ልፋት ጋዜጣ ላይ ተቀርፎ ወረደ። ኤርሚያስ ልክ ነው፣ ጥሩ ነበር። እንደዚያ ያለ ሁለተኛ አይወጣኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ ስንመለስ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። ክራቫት አሰረ። «ልሳቅ ወይስ ልኮሳተር?» አለ። እንደፈለግህ አልኩት፣ ተኮሳተረ።

አፍንጫውን ሦስቴ አበላሸሁት። ግንባሩ የሌላ ሰው ነው። ዓይኖቹ ብቻ መጡ፣ ትልልቅና ጥቁር፤ ቀለም አወፈርኩባቸው። የፋቅኩት አባባን ይመስል ነበር፣ ይሄኛው አይመስለውም። ቢሆንም ሁለት ዓይን አለው። ነገ በጠዋት ብርሃን አሳየዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቢሮ ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን ነው።

ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ፀሐይ አልጋው ላይ ወጥታለች። «መብራት ሄደ እንዴ?» አለኝ።

ሻዩን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ሐኪሟ ዘንድ ደወልኩ። አሁኑኑ አምጪው አለች፤ ተስፋ ግን አልሰጠችኝም።

ጫማውን ሳስርለት «ሥዕሉን አምጪልኝ» አለ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ገና እርጥብ ነው ከማለቴ አውራ ጣቱ ሸራው ላይ አረፈ። ግንባሩን ዳሰሰ፣ ወረደ፣ ወፍራሙን ቀለም አገኘው። «አንድ» አለ። ቆይቶ «ሁለት» አለ። እዚያው ላይ ጣቱን ጫን አድርጎ ቆየ።

«ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው» አለ። አዎ አልኩት። ይሄኛውን ሳልቸኩል ነው ያልኩት።

ጣቱን ሲያነሳ ሁለተኛው ዓይን አብሮት ተነሳ። አልነገርኩትም። እጁን በነጭ ጋዝ ጠረግኩለትና ሸራውን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ መለስኩት።

አሁን አጠገቤ ተቀምጧል። ጋዙ ቀለሙን ያላስለቀቀለትን አውራ ጣቱን እያነሳ ያሸታል። ወረፋችን ገና ነው።