አርእስቱ በኋላ ይገባል

ሰኞ፣ ሰኔ 9። ከጠዋቱ 4፡20

መብራት አለ። ም/ቤቱ በቀጥታ እየተላለፈ ነው። ወንበሬን አስጠግቼ፣ ገጹን ለሁለት ከፍዬ ተቀምጫለሁ። በግራ ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ሌላ አደማመጥ አያውቅም።

ጉዳዩ የግብር ማሻሻያው ረቂቅ ነው። አንድ አባል ተነሡ። ከመምህሩ ደመወዝ የሚቆረጠው እየበዛ ነው፣ የቀረው ወር አያደርሰውም፣ ሕዝቡስ የሚከፍለው ግብር የት እንደሚገባ ሳያውቅ እንዴት ይመነን ብለው ጠየቁ። ጥርት ያለ ጥያቄ። በግራ ጻፍኩት። መልስ ሰጪው ሩብ ሰዓት ተናገሩ። ስለ ገቢ አሰባሰብ። ስለ ዲጂታል አሠራር። ስለ ጎረቤት አገሮች። ስለ መምህር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ መምህራን የትውልድ ቀራጮች ናቸው። ተጨበጨበ።

በቀኝ በኩል የምጽፈው አጣሁ። ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ ሰጥቼ፣ ከጎኑ «ጥያቄውን ደግመህ አንብብ» እልበት ነበር።

ባለቤቴ ስመኝ ከጓዳ ሆና ከማን ጋር ነው የምትጣላው አለችኝ። ከቴሌቪዥኑ ጋር አልኳት።

«እሱ እንደሆነ አይሰማህ። ይልቅ ና ጎመኑን ክተፍልኝ።»

ከተፍኩ። በንዴት ስለከተፍኩት ዱቄት ሊሆን ምንም አልቀረው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10። ከቀኑ 9፡00

ስልክ ተደወለ። አቶ ደምሰው የሚባል የከተማው አስተዳደር ጽ/ቤት ሠራተኛ ነው። የሕዝብ ተወካያችን ዓርብ ደብረ ማርቆስ ይመጣሉ፤ ስለ ረቂቁና ስለ መምህራን ኑሮ ከመምህራን ጋር ይወያያሉ። ቃለ ጉባኤውን እኔ እንድይዝ ይፈልጋሉ። ጽሕፈትዎ የታወቀ ነው፣ ሰውም ያምንዎታል አለኝ።

ደስ አለኝ። አንቺን አልዋሽሽም ደብተሬ፤ በጣም ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከእድር በቀር እስክሪብቶዬን የፈለገ የለም።

ለልጄ ለትርንጎ ደወልኩ። የጁቤ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች፤ ስምንተኛ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሳቀች።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ አንዲት ነጥብ ስትጎድል ጉባኤ የሚያስቆሙ ሰው ነዎት። ምን ነካቸውና መረጡዎት?»

ከዚያ ሳቋን አቆመች። ጓደኛዋ ቁይ ከተማ ላይ የልብስ ሱቅ ልትከፍት ነው። አብረን እንሥራ ብላታለች። ትርንጎ የሥራ መልቀቂያዋን ጽፋ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። ይህን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ት/ቤቱ ሳይዘጋ መወሰን አለባት። የዓርቡን ስብሰባ ውጤት አይቼ እወስናለሁ አለች። ደመወዝ ይጨመራል ብላ እንዳይመስልሽ። የፈለገችውን ራሷ እንዳለችው ልጻፈው፦ «አንድ ቀን እንኳ ያልነው ባልነው ልክ ይጻፍልን። ሌላ ምንም አልልም።»

እሱማ በእኔ እጅ ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ሰኔ 13። ከምሽቱ 12፡45

አሁን ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝናብ። እጄ ዝሏል፤ ልቤ ግን ሞልቷል።

ከየወረዳው መምህራን መጥተዋል። ሳይጀመር የፊርማ ወረቀት ዞረ። በደንብ የተሰመረ ነው፦ ተ.ቁ.፣ ስም፣ ት/ቤት፣ ፊርማ። ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ አለው። እንደ ወጉ ከታላቅ ይጀመር ተባለና መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ተ.ቁ. 1 ላይ ፈረምኩ። ከየጁቤ የመጣች አንዲት ወጣት መምህርት፣ የትርንጎ ባልደረባ፣ ወረቀቱን ይዛ ቆየች። ይሄ ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የመገኘት ነው ልጄ፣ ፈርሚ፣ ሰው እየጠበቀ ነው አልኳት። ፈረመች።

ተወካዩ ጥሩ አድማጭ ይመስላሉ። ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ሽበታም የፊዚክስ መምህር፣ ግብር መክፈል አልጠላሁም፤ የጠላሁት ከፍዬ ስወጣ የምወድቅበትን ጉድጓድ ነው አለ። ያቺው የየጁቤዋ ልጅ ቀጠለች።

«ደመወዝ ሲዘገይ የሚያበድረን ባለሱቁ ነው። መንግሥት ሲቸግረው ደግሞ ከእኛ ይቆርጣል። ባለሱቁ ግን ሲቸግረው ቢያንስ መጥቶ ይጠይቀናል።»

ሳቅ። ተወካዩም ሳቁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፣ ይዘን እንሄዳለን አሉ። ከኋላ አንዱ ሳይነሣ፣ «ክቡርነትዎ፣ የአምናውን የት አድርሰውት ነው የዘንድሮውን የሚይዙት?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱንም ጻፍኩት። «ሳቅ» ብዬ በቅንፍ አስገባሁ።

መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ሌላ ነገር አመጡ። መምህራን ለልማት የአንድ ወር ደመወዛቸውን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተቆረጠባቸው ቢሰጡስ? የተናገረ ሁሉ ተቃወመ። ድምፅ አልተሰጠም። «ስምምነት ላይ አልተደረሰም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

አሥራ አንድ ገጽ። አንድ ስርዝ የለውም። መጀመሪያ የጫርኩትን ለራሴ አስቀርቼ ንጹሑን ለአቶ ደምሰው አስረከብኩ። ጾም ስለሆነ ዳቦና ለስላሳ ሰጥተው ሸኙን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ትርንጎ ደወለች። ባልደረባዋ ሁሉንም ነግራታለች። አባትሽ እንደ ፎቶ አንሺ ነው የጻፉት አለቻት አሉ። መልቀቂያውን ከቦርሳዋ አውጥታዋለች። አልቀደደችውም፤ ግን አውጥታዋለች። ዛሬ በደንብ በላሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19። ከቀኑ 10፡30

በንዴት ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን ይቅርታ አድርጊልኝ።

በዜና ሰማሁ። መምህራኑ ረቂቁን መደገፋቸውን፣ የአንድ ወር ደመወዛቸውንም በፈቃዳቸው ለመስጠት መወሰናቸውን በፊርማቸው አረጋገጡ። ሬዲዮኑን ዘጋሁ። ባጃጅ ይዤ ጽ/ቤት ሄድኩ።

አቶ ደምሰው አላፈረም፤ እሱ ነው የገረመኝ። ወንበር ሰጠኝ። ፋይሉን አወጣ። አሥራ አንዱ ገጽ ሁለት ሆኗል። ጉድጓዱ የለም። ባለሱቁ የለም። «ጥቂት የማብራሪያ ጥያቄዎች ተነሥተው ምላሽ ተሰጥቷል» ይላል። ከኋላው ያ የፊርማ ወረቀት ተያይዟል። ባዶው ቦታ ባዶ አይደለም። በኮምፒውተር ታትሞበታል፦ «የድጋፍ መግለጫውንና የመዋጮ ውሳኔውን ያጸደቁ ተሳታፊዎች ስምና ፊርማ።» ከሥሩ ተ.ቁ. 1፣ እኔ።

ይህ አርእስት ስንፈርም አልነበረም አልኩት።

«አርእስት እኮ በኋላ ነው የሚገባው መምህር። የሁልጊዜ አሠራራችን ነው።»

በመገኘትና በማጽደቅ መካከል ልዩነት የለም ወይ አልኩት። ድምፄ ከፍ አለ። ሰው በበሩ አጮለቀ። እሱ ግን ተረጋግቶ፣

«መምህር፣ ፊርማው የእርስዎ ነው አይደለም?»

ነው። የእኔ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ዝርዝሩ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም እየዞረ ነው። የጁቤም ደርሷል። ትርንጎ በእረፍት ሰዓት ደወለች። መምህራን ክፍል ስትገባ አንዱ፣ «አባትሽ ለመንግሥት የሰጡት ስጦታ ከእኛ ደመወዝ ሊቆረጥ ነው» አላት። የሰኔው ደመወዝ ሲወጣ ይጀመራል ተብሏል። ያቺ ወጣት መምህርት ደግሞ ከአጠገቧ ተነሥታ ወጣች።

አስረዳኋት። አሥራ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ፣ ያጭበረበሩት እነሱ ናቸው አልኳት። ትርንጎ እስክጨርስ ጠበቀች።

«አውቃለሁ አባባ። ግን እርስዎ አንደኛ ላይ ነዎት። የቀረው ሰው የእርስዎን ስም አይቶ ነው የፈረመው። ለምን እንደሆነ የጠየቀችም ነበረች አሉ።»

መልቀቂያው ቦርሳዋ ውስጥ ተመልሷል። በሚመጣው ዓርብ የመምህራን የመዝጊያ ስብሰባ አለ። ከዚያ በኋላ ታስገባዋለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 23። ከጠዋቱ 5፡00

ማመልከቻ ጽፌ ሄድኩ። ጉዳዩ፦ ባልተስማማሁበት ውሳኔ ሥር የተቀመጠው ፊርማዬ እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊርማ መሰረዝ የሚባል ጉዳይ የለንም አለችኝ። አቶ ደምሰው ስብሰባ ላይ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ቃለ ጉባኤው ወደ ላይ ተልኳል። ወደ ላይ የት? ወደ ላይ።

ስመለስ በእግሬ መጣሁ። ስሳደብ፣ ስሳደብ። ሌቦች። አታላዮች። ገበያው ጋ ስደርስ ግን ስድቡን አቆምኩ።

ርዕሰ መምህር የነበርኩበት ዘመን ትዝ አለኝ። የት/ቤቱ አጥር ወድቆ ነበር። ስብሰባ ጠራሁ፤ የመገኘት ወረቀት አዞርኩ፤ ክርክሩ አላልቅ አለ። በማግስቱ ያንኑ ወረቀት ወስጄ ከላዩ «ለአጥር ማሠሪያ ለመክፈል የተስማሙ መምህራን» ብዬ ጻፍኩበት። ባማረ ጽሕፈት። አጥሩ ለልጆቹ ያስፈልጋል፣ ለምን ጊዜ ይባክናል ብዬ። መ/ር አያሌው ቢሮዬ መጣ። እኔ አልተስማማሁም አለ። ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ፊርማው የአንተ ነው አይደለም?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አሁን በሕይወት የለም።

ያኔ ሥራ ያቀላጠፍኩ መስሎኝ ነበር። አጥሩን ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ግን አያሌው ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ለምን ብዬ ጠይቄም አላውቅ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24። ከጠዋቱ 5፡40

ም/ቤቱ። የመጨረሻው ክርክር። ያ የመጀመሪያው ጠያቂ ዛሬም ተነሡ፤ ሕዝቡ አልተጠየቀም አሉ። መልስ ሰጪው ፈገግ ብለው፣ በየአካባቢው ከመምህራን ጋር ተወያይተናል፤ ድጋፋቸውን በፊርማቸው ሰጥተዋል፤ ሰነዱ አለ አሉ።

ሰነዱ አለ። አዎ፣ አለ። ሰውየውን ዝም ያሰኙት በእኔ ስም ነው። እጅ ወጣ። በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

ቴሌቪዥኑን አላጠፋሁትም። ስመኝ መጥታ አጠፋችው። ተወው አለችኝ። ስምህ ስንት ቦታ ተጽፎ ይኖራል፤ ማን ያስታውሰዋል? ጡረታህን ቢነኩብህስ? የምትለው ከፍቅር ነው። ስናደድ የምናደደው እሷ ላይ ነው፤ ዛሬም ጮኽኩባት። የቡናዬን ሲኒ አንሥታ ወጣች። ኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን ልታደርግ ነው አለችኝ። አላውቅም አልኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

አሁን አውቃለሁ።

የስብሰባውን የመጀመሪያ ረቂቅ አልጣልኩም፤ የምጥል ሰው አይደለሁም። ከሱ አሥራ አንዱን ገጽ መልሼ ገለበጥኩ። በመጨረሻ አንድ ገጽ ጨመርኩ፤ የአጥሩን ነገር። ስመኝ አነበበችው። ይህን የመጨረሻውን ማን ጠየቀህ አለችኝ። ማንም። «እንግዲያው አውጣው። ሰዎቹን ልትከስ ሄደህ ራስህን ልትከስ ነው?» አላወጣሁትም።

ለትርንጎ ደወልኩ። ነገ በስብሰባችሁ ላይ ሩብ ሰዓት እንዲሰጡኝ ርዕሰ መምህሩን ጠይቂልኝ አልኳት። እንዳልለቅ ሊለምኑኝ ከሆነ አይምጡ አለች። ለዚያ አይደለም አልኳት። ሱቅም ከከፈትሽ መጋረጃውን እኔ እሰቅልልሻለሁ። ግን ያቺን ልጅ ፈርሚ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አልተስማማሽም ነበር ብዬ በሰው ፊት የምነግራትም እኔ መሆን አለብኝ።

ቢዘልፉዎትስ አለች። ልዘለፍ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27። ከጠዋቱ 1፡50። መናኸሪያ

ሚኒባሱ ውስጥ ነኝ። መንገዱ ክፍት ነው ይላሉ። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው፤ መስመሩ ጠምሟል፣ ግድ የለም። አሥራ ሁለቱ ገጾች በፕላስቲክ ተጠቅልለው ደረት ኪሴ ውስጥ ናቸው። ትርንጎ ትላንት ማታ መልእክት ላከች። ፈቅደዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሆን አሥር ደቂቃ። ያቺ ልጅም ትኖራለች።

በአሥር ደቂቃ ሁሉም አይነበብም። ስለዚህ ከመጨረሻው ገጽ እጀምራለሁ፤ ከእኔው ጥፋት። የእነሱ ጥፋት፣ ጊዜ ከተረፈ። የምከፍትበትን ዓረፍተ ነገር እዚህ ልሞክረው፦ ልጆቼ፣ ዛሬ የመጣሁት ፊርማዬን ላስረዳ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በፊት እኔ ራሴ

ረዳቱ ሞላ እያለ ነው፣ ሊነሣ