ያልተጠሩት የንስሐ አባት

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት።
ሽሮው አልቋል። ጉልበቴ ዛሬም አልታጠፍ አለ። መጽሐፉ ግማሽ ላይ ደርሷል። የጠንቋይና የዘንዶ ታሪክ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ! ያዋሰኝ ተክሌ ነው፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው የእምድብር ሰው። ደራሲው እንደ እሱ ካቶሊክ ነው። በስተርጅና ከሃይማኖቴ ልታስኮበልለኝ ነው ወይ ብለው፦ «ኧረ እትዬ፣ የእርስዎን ኃጢአት ሮምም አትችለው!» ሳቅሁ። መንገድ ላይ ሳቄ ጠፋ።

ረቡዕ፣ ኅ. 11።
የመጽሐፉ ክፉ ንጉሥ ድሮ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። መንደሩን ሊያጠጣ ቆፈረ። ውሃው ሲወጣ ወደደው፤ ወድዶ አጠረው። ክፋት የራሱ ዘር የለውም፣ የተበላሸ በጎ ነገር ነው ይላል ደራሲው።
እውነቱን ነው፣ ደብተሬ። እኔም ቤቴን ወደድኩ።
ባለቤቴ ታደሰ ሊሞት ሲል መምሬ ይስማው ይጠሩልኝ አለ። የሁለታችን የንስሐ አባት ናቸው። ምን እንደሚናዘዝ አውቅ ነበር፤ ከሌላ ሴት የወለዳትን ሄለንን። መምሬ ከሰሙ፣ ልጅህን ቤትህ አስገባት ይሉታል። መንገድ ላይ ናቸው አልኩት። አላስጠራኋቸውም። በር በሩን እያየ ሞተ።
ቀብሩ ላይ ሄለን ከኋላ ቆማ አለቀሰች። ማን ናት ሲሉኝ፣ የእሪ በከንቱ ሰፈር ጎረቤት አልኩ።

ዓርብ፣ ኅ. 13። ከሰዓት።
መምሬ መጡ። ጠበል ረጩ። ታደሰ በእንቅልፉ ነው የሞተው ብያቸው ነበር፤ ዛሬም የጻድቅ ሞት ነው አሉ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዳቦ ይጨመርልዎ? አልኩ።
ለእሳቸው የምናዘዘው ሐሜትና ጾም መሻር ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኅ. 15።
ጾመ ነቢያት ገባ። ተክሌ እንዳለው እነሱ ቤ/ክ ሰው የሚናዘዘው ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ቄሱ ፊት አያይም። የቤተ ክርስቲያናቸው አጥር ድረስ ሄድኩ። ማንም አያውቀኝም። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ አስጠላኝ። ተመለስኩ።
ደራሲው ሰው ውስጥ በጎነት አያልቅም፣ ግን ያለ እግዜር ጸጋ ብቻውን አያድንም ይላል። ለቆፋሪው እንኳ መመለሻ ተወለት። ተናደድኩ። ለታደሰ ማን ተወለት?

ማክሰኞ፣ ኅ. 17።
መጽሐፉ አለቀ። ቆፋሪው አጥሩን አፈረሰ። ይቅር ተባለ አይልም፤ መንደሩ ጠጣ ብቻ ይላል።
ለሄለን ደወልኩ። ቤት ነይ አልኳት፤ እሺ አለች። መምሬንም ጠራሁ። ሁለቱንም በአንድ ሰዓት፤ ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው እንዳልቀንስ። ቤቱ የእሷም ነው እላለሁ።
የእንጨት ደረጃው ተንቋቋ። የሴት እግር ነው። መምሬ ገና ናቸው። እስኪመጡ ልቆይ? አልቆይም። አሁን ልንገራት። በሩን ልከፍትላት ነው።