ለከሰዓት ፈረቃ ያልተከፈተው ሳጥን

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለነመራ፣

የጌታ ሰላም ከአንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። እንደምን ሰነበትክልኝ? ባለቤትህ ጸሐይወርቅስ እንዴት ናት? ያ የፈረደበት የወገብ ሕመሟ ተሻላት ወይ? ትንሹ ዱቤስ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚነክሳችሁ? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ ተመስገን ነው። ሰው በደብዳቤ ላይ ከናፍቆትህ በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም ይላል። እኔ ዘንድሮ እንደዚያ ብዬ ብጽፍልህ መዋሸት ይሆንብኛል። ናፍቆትህ እንዳለ ነው፤ ድካሙ ግን ቀድሞታል።

እናታችንን ጉልበቷን ዝናብ ሲመጣ ያማታል፤ ሳይመጣም ያማታል። ቢሆንም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አልተወችም፤ እዚያ ደርሳ የምታወራው ስለ አንተ ነው። ልጄ በመስከረም ባሕር ማዶ ሊማር ነው ብላ ያልነገረችው ምእመን የለም። ባለቤቴ ዋጋሪ ደህና ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናው ብትበላሽም እየጠጋገነ ይሠራባታል። እኔ ድምፄ ተዘግቷል። ጠዋት አንዱን ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላውን ሳስተምር እውላለሁ፤ ክረምቱም ዘንድሮ ቸኩሎ ገብቶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከፊት የተቀመጠው ልጅ እንኳ አይሰማኝም፤ ስለዚህ እጮኻለሁ። ቤቴ ስገባ ዝንጅብል አፍልቼ እጠጣና ዝም ነው። ዋጋሪ ዘንድሮ ጭምት ሚስት አገኘሁ እያለ ያሾፍብኛል።

ደብዳቤህ ከትናንት በስቲያ በአውቶቡስ ደረሰኝ። እንድፈርምበት ያስገባኸውንም ወረቀት አየሁት። ሁለት መስመር ናት፤ በሳጥኑ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች አንዱም ለከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች እንዳልቀረበ አረጋግጣለሁ ትላለች። ቶሎ ፈርመሽ መልሺልኝ፣ ጥናቱ በሰኔ ጉባኤ ላይ ይቀርባል፣ የውጭ አገር ትምህርቴም የቆመው በዚህ ላይ ነው ብለሃል። ነመራ፣ አልፈርምም። ወሬ አብዝቼ ከመጨረሻው ላይ ብነግርህ ተንኮል ይሆንብኛል ብዬ ከወዲሁ ነገርኩህ። አሁን አትቆጣና ቁጭ ብለህ ምክንያቴን አንብበው።

የምታውቀውን መልሼ እነግርሃለሁ፤ በወረቀት ላይ ማየትና እዚህ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማየት አንድ አይደለምና። ባለፈው መስከረም ከፈረንጁ አስተማሪህ ጋር መጥታችሁ ያንን አረንጓዴ የእንጨት ሳጥን ስትከፍቱልኝ እኔም እንደ ልጅ ነው የሆንኩት። ማጉያ መነጽር፣ ማግኔት፣ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ ሚዛን፣ ጠርሙስ በየዓይነቱ። ከዚያ ስድስተኛ ክፍልን በዕጣ ለሁለት ከፈላችሁት። የጠዋቱ ፈረቃ ሳይንስን በሳጥኑ እንዲማር፣ የከሰዓቱ በጠመኔ ብቻ እንዲማር፣ በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ አንድ ዓይነት ፈተና ተፈትነው ልዩነቱ እንዲታይ። ልዩነት ከታየ ሳጥኑ ለጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንደሚታደል፣ ካልታየ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ነገር እንደሚውል ነገራችሁን። ነገሩ ገባኝ፤ ክፉም አልመሰለኝም። ሰው የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን መለየት አለበት።

ግን ጠዋት ልጆቹን የጉንዳን እግር በመነጽር አሳይቼ፣ ከሰዓት ገብቼ ያንኑ መነጽር በጠመኔ ክብ አድርጌ ሰሌዳ ላይ ስስል፣ ይህ ነገር ትንሹን ያተልቃል ብዬ ስናገር፣ ራሴን መልሼ እታዘበው ነበር። በቀለች የምትባል የከሰዓት ተማሪ አለችኝ፤ ዓይኗ የማይሸሽ ልጅ። አንድ ቀን እጇን አውጥታ እኛ ምን አጥፍተን ነው የማይከፈትልን ብላ ጠየቀችኝ። ጥፋት የለባችሁም፣ ዕጣ ነው አልኳት። ዕጣው እስከ መቼ ነው አለች። ዓመቱ እስኪያልቅ አልኩ። ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ግን በየቀኑ የጠየቀችኝ ያህል ነው የሚሰማኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እናንተ ዕጣ ጥላችሁ በሄዳችሁ በሳምንቱ ወላጆች ግቢውን ሞሉት። ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ አንድ ክፍል ያለው ብዙ ነው፤ ታላቁ ከብት ሲጠብቅ ዘግይቶ ገብቷል፣ ታናሹ ደርሶበታል፣ ወይም የአጎት ልጅ ከገጠር መጥቶ እነሱ ዘንድ ነው የሚኖረው። ወላጆቹ የሚሉት አንድ ነው። ሁለቱ በአንድ ፈረቃ ከሆኑ ቤት የሚውል ሰው አይኖርም፣ ደግሞም ያለን አንድ የካኪ ሸሚዝ ነው፤ አንዱ ጠዋት ለብሶት፣ ሌላው ከሰዓት ይልበሰው። ዋጋሪ ይህን ከእኔ በፊት ያውቃል። ለሁለት ልጅ የሚሆን አድርገህ ስፋልኝ የሚሉት ደንበኞች አሉት፤ በትልቁ ልክ ይሰፋና ትንሹ እጅጌውን ይጠቀልላል። ዲሬክተራችን አቶ ጉሉማም ልባቸው ሩኅሩኅ ነው፤ የለመነውን ሁሉ አዘዋወሩለት። ስለዚህ አንተ በዕጣ የለየሃቸው ልጆች በሸሚዝ ተገናኙ። የከሰዓት ተማሪ ሆኖ ጠዋት የሚማር ወንድም ወይም እህት ወይም የአጎት ልጅ የሌለው ባፈላልግ ጥቂት ነው ያገኘሁት።

በስድስት ሰዓት መጥተህ በሩ አጠገብ ያለውን ዋርካ ብታየው ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገህ ነበር። የበቀለች ወንድም ታፋ ከክፍል ይወጣል፣ ሸሚዙን ያወልቃል፣ እሷ ትለብሳለች። አዝራሯን እየቆለፈች እሱ የዕለቱን ትምህርት ይነግራታል፤ መንገር ብቻ ሳይሆን ያሳያታል። የጠዋቶቹ ከሳጥኑ አንድ ነገር አልሰረቁም፤ ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። ነገር ግን ያዩትን መልሰው ሠሩት። የተቃጠለ አምፖል ቂጡን ነቅለው ውኃ ሞሉበትና ማጉያ መነጽር አደረጉት። ባለ ሱቁ ወልደገብርኤል የማይሠራ ሬዲዮ ነበረው፤ ለምነው ለምነው ከድምፅ ማውጫው ማግኔቱን አወጡበት። ሚዛኑን ከጫማ ቀለም ክዳንና ከሲባጎ ሠርተው አንዱን ክዳን በጠጠር፣ አንዱን በበቆሎ ይሞላሉ። ሰውየው አሁን ልጆቹ ወደ ሱቁ ሲመጡ ሲያይ ሬዲዮውን ደብቁልኝ እያለ ይስቃል።

ይህን ደግሞ አልደበቅኩህም። በጥቅምት ጽፌልሃለሁ። ልጆቹ ተዛውረዋል፣ ወንድምና እህት ተለያይቷል፣ የተማሩትን ይነጋገራሉ አልኩህ። አንተም በኅዳር ሳጥኑ ከክፍል እስካልወጣ ድረስ ችግር የለውም ብለህ መለስክልኝ። እንግዲህ እኔ የትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፣ አንተ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነህ፣ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን የአባታችን ልጅ ሆኜ ልቆጣህ። አንተ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ፊደል የቆጠርከው እኔ ስመለስ ከጭኔ ላይ ተቀምጠህ አልነበረም ወይ? የኛ ሰው ልጅ አንድ ነገር ተምሮ ቤት ሲገባ ዝም እንደማይል አንተ ካላወቅክ ማን ይወቀው?

አሁን ፈተናው ታረመ፤ የሁለቱ ፈረቃ ውጤት ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ተቀራረበ። አስተማሪህም ሳጥኑ የጨመረው ነገር የለም፣ ጠመኔ ይበቃል ብሎ ሊጽፍ ነው፤ ከእሱ ስም ቀጥሎ ያንተ ስም ይሰፍራል። የላክህልኝ ወረቀት ቃል በቃል እውነት ነው፤ በከሰዓት ክፍል ሳጥኑን ከፍቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ድምሩ ግን ውሸት ነው። በቀለች በጠመኔ አይደለም ያወቀችው። ያወቀችው ታፋ መነጽሩን በእጁ ስለያዘው ነው። ከዚህ ወጣ ብለህ ጉቶ ጊዳ ገጠር ውስጥ ያሉትን ትምህርት ቤቶች አስባቸው። እዚያ ሁሉም ልጅ የከሰዓት ልጅ ነው፤ ሳጥኑን አይቶ የሚነግረው የጠዋት ወንድም የለውም። ጠመኔ ይበቃል የሚለው ወረቀት ሲጻፍ ሳጥኑ የሚዘጋው በእነዚያ ላይ ነው።

ነገሩ የነቀምት ብቻ እንዳይመስልህ፣ እንደኛው ሳጥን በተሰጠው በአኖ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሞረዳ ባለፈው ቅዳሜ ለገበያ መጥቶ አግኝቼው ጠየቅኩት። እዚያም ውጤቱ ተቀራርቧል፣ እዚያም አንድ ሸሚዝ ለሁለት ነው። ለምን አልጻፍክላቸውም ብዬ ብጠይቀው፣ የጠየቀኝ የለም አለኝ። እሱም ደክሞታል መሰለኝ።

ምናልባት ሳጥኑ በእውነት አይጠቅም ይሆናል። ምናልባት የጠቀመው ልጅ ለልጅ መናገሩ ይሆናል፤ ያም ራሱ የሚጠና ነገር ነው። እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም፣ ፈረንጁም አያውቅም። የምለምንህ ያልታወቀውን ነገር ታወቀ እንዳትሉ ብቻ ነው። እውነቱን ብትናገር ከጉባኤው ትወጣ ይሆናል፤ የመስከረሙም መንገድ ይቀርብህ ወይም ይዘገይብህ ይሆናል። የኛን ቤት ተስፋ በአንድ ወረቀት የማጠፋ ሰው መሆን አልፈልግም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ለዚህ ነው።

ለእናታችን ሳልነግራት ደብዳቤውን ልልክልህ አልቻልኩም። ነገሩን በኦሮምኛ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። ጉልበቷን ስታሸት ቆየች። ከዚያ ይሂድ፣ መሄዱን እኔም ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ግን የሰው ልጅ ረግጦ አይሂድ አለችኝ። ደግሞ አባብዬ እንድጽፍልህ አዘዘችኝ፤ እሱን እንኳ የቻልኩበት አይመስለኝም።

ፊርማዬን ፈልገህ ነበር፤ ይኸው ልኬልሃለሁ፤ ያለው ግን በሌላ ወረቀት ላይ ነው። ስለ ፈረቃው መዛወር፣ ስለ ሸሚዙ፣ ዋርካው ሥርም ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ስሜንና ፊርማዬን አኑሬበታለሁ። ፖስታውን አልለጠፍኩትም፤ አንብበህ በገዛ እጅህ ለአስተማሪህ ስጠው። በቀጥታ ለእሱ መላክ እችል ነበር። ከእኔ ከሚሰማው ከአንተ ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው፤ ወንድሜ ደፋር እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ደክሞኛል ነመራ፣ በጣም ደክሞኛል። ያችን ሁለት መስመር ለመፈረም የሚበቃ ድካም ግን ገና አልደከመኝም።

እናታችን ዋቀዮ ሲ ሃ ኤጉ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ ትልሃለች፤ ለጸሐይወርቅም ወገቧን በሞቀ ጨርቅ እሰሪው በልልኝ ብላለች። ዋጋሪ እጅ ነስቷል፤ ለዱቤ ከቁራጭ ጨርቅ የሰፋው ካፖርት በሚመጣው አውቶቡስ ይደርሳችኋል፤ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው የተሰፋው ብሎ እንድነግርህ አደራ ብሎኛል። ጸሐይወርቅን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፤ በእኔ ተቀይማ ከሆነ ይቅር ትበለኝ። ዱቤን ግንባሩን ሳመው።

የጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መኪና ሰኞ ሳጥኑን ሊወስድ ይመጣል፤ እስከዚያ እንደተቆለፈ እንዲቆይ ታዟል። ፈተናው ካለቀ ለከሰዓቶቹ ብከፍተው ምን ያበላሻል ብዬ አቶ ጉሉማን ጠየቅኳቸው፤ ሰሞኑን ጆሮዬን ያመኛል፣ የምትይው አይሰማኝም ብለው ወደ ቢሮአቸው ገቡ። ይህን የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ውጭ ሸሚዝ እየተቀያየሩ ነው፤ አሁን ደወሉ ይመታል። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ በቀለች ስትገባ ራሷ ትክፈተው።

እህትህ ወርቂቱ

ነቀምት፣ ግንቦት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.